የውሃ ቧንቧው የጣለው ግድግዳ

ጄኖቫ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘነቡ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ባሕሩም ደህና ነው፣ መርከቡም ደህና ነው፣ ሥራውም እንደ ወትሮው ነው። ስድስት ወር ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ በመቅረቴ ቢቀየሙኝ እውነትዎን ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ቤቱ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው። ፓራዲዞ ሰፈር ያለውን ቤት ልሸጠው ቆርጫለሁ። አባቴ ከሞተ እነሆ ስምንት ዓመት ሆነው። በእነዚህ ስምንት ዓመታት እርስዎ ባይኖሩበት ኖሮ ይኼን ጊዜ ጣሪያው እንኳ በቦታው አይገኝም ነበር። የአባቴ የአክስት ልጅ ነዎት እንጂ እናቴ አይደሉም፤ ያደረጉልኝን ግን እናትም አታደርገው። ይህን ሳልዘነጋ ነው የምጽፈው።

ገዢ ተገኝቷል። ኣስመሮም ይባላል፤ መደበር ገበያ ውስጥ ሁለት የእህል ወፍጮ አለው። ሰውየው ቤቱን ወዶታል። ነገር ግን ሚስቱ ኣረጋሽ፣ "ከመንገድ ቧንቧ ውሃ ስሸከም ልኖር አይደለም፤ ውሃ ማድ ቤት ካልገባ እኔም እዚያ ቤት አልገባም" ብላዋለች አሉ። ስለዚህ ውሃ ማስገባት ግድ ሆነ። አስመራ ያለው ጓደኛዬ ፍስሃየ ሥራውን ከወሰደው ድርጅት ጋር ተዋውሎ ጨርሷል። ከፋሲካ በኋላ ሠራተኞቹ ይመጣሉ። ከመንገዱ ጀምረው በጓሮ በኩል ቆፍረው ቧንቧውን እስከ ማድ ቤቱ ያደርሳሉ። የእርስዎ ሥራ በር መክፈትና ማየት ብቻ ነው። ምንም እንዳይነኩ፣ ምንም እንዳይሸከሙ።

የእርስዎም ነገር ይታሰብበታል፤ አይጨነቁ።

ትንሣኤውን በሰላም ያድርስዎት።

አክባሪ ልጅዎ
ጋሻው በለጠ


አስመራ፣ ፓራዲዞ፤ ግንቦት 6 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋሻው፤

ባሕሩን የሚያዘው ጌታ በየሄድክበት አይለይህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ግን አትጠይቀኝ፤ ከእኔ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል።

ደብዳቤህ በሰሙነ ሕማማት ደረሰኝ። ቤቱን እንደምትሸጠው አነበብኩ። የራስህ ነው፤ ምን እላለሁ? ስምንት ዓመት ቁልፉን ይዤ ዞርኩ እንጂ ቤቱን አልያዝኩትም። "የእርስዎም ነገር ይታሰብበታል" ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ማን እንደሚያስብበት አልጻፍክም። ደግሞ ጽሕፈትህ ምን ሆኖ ነው? ያ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ጽሕፈትህ የት ሄደ? ጣልያን አገር ፊደል ያስረሳል እንዴ? መነጽሬን አድርጌ እንኳ እየተደናበርኩ ነው የጨረስኩት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ደስ የሚል አይደለምና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሠራተኞቹ ሚያዝያ 25 ሰኞ ማለዳ መጡ። ሦስት ናቸው። ካፖ የሚሉት አለቃቸው ጠዓመ ይባላል፤ የዓዲ ጓዕዳድ መንደር ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው ሁለት ቀን ሲቆፍሩ ዋሉ። ጉድጓዱ የጓሮውን ክፍል ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። ረቡዕ መድኃኔ ዓለም ስለሆነ አልመጡም። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ዋለ፤ ማታ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ወረደበት። ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ግድግዳው ከመሠረቱ ተንዶ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል። የኔ ክፍል ግድግዳ ማለት ነው። መስኮቱም ከነብረቱ ተጣሞ ወድቋል። አልጋዬ ከጎረቤት ግቢ ይታያል። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተነካም። ለምን ግድግዳው ሥር እንደ ቆፈሩ እነሱ ያውቃሉ።

እሑድ፣ በልደታ ቀን፣ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። አምስት ሽማግሌዎች ከዓዲ ጓዕዳድ በእግራቸው መጥተዋል። ጠዓመ ከፊታቸው ነው፤ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፌ ላይ ተደፋ።

"ኣደይ ዘነቡ፣ ይቕሬታ" አለ፣ እንደ እናቱ ጠርቶኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ግድግዳውን በገዛ እጄ እመልሳለሁ። ቢሮ ግን አይሂዱብኝ፤ አራት ልጆች አሉኝ።"

ቤቱ የኔ አይደለም፣ የልጄ ነው አልኳቸው። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ተኽኣ የሚባሉት፣ "ልጅሽ ባሕር ማዶ ነው፤ አንቺ ግን እዚህ ነሽ" አሉኝ። እንግዲህ አንተው ፍረደኝ። በልደታ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ የተደፋን ሰው ሂድ ልበለው? "በጋሻው ስም ይቅር ብያለሁ" አልኩና ድንጋዩን አወረድኩለት።

ግድግዳውን ይሠራልናል። ልጄ፣ አትቆጣ።

እትዬህ ዘነቡ


ጄኖቫ፣ ሰኔ 1 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘነቡ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎን ከዚያ ግድግዳ ሥር ላወጣ አምላክ ምስጋና ይግባው።

ደብዳቤዎን አንብቤ ሦስት ቀን ብዕር አላነሣሁም። ተናድጄ ለእርስዎ መጻፍ ነውር ነው ብዬ ነው። ዛሬም አልበረደልኝም፤ ግን ጊዜ የለኝም።

እትዬ፣ የኔን ግድግዳ በኔ ስም ይቅር አሉ? እኔን ማን ጠየቀኝ? ሰውየው የሠራው ለደመወዙ ነው፤ ጥፋት ሲያጠፋም መክፈል ያለበት የቀጠረው ድርጅት ነው። እዚህ አገር ሠራተኛ የሰው መስኮት ቢሰብር በማግስቱ ሌላ መስኮት ይገጠማል፤ ድንጋይ የሚሸከም የለም፣ ሽማግሌም አይላክም። እኛ ግን ማልቀስና ይቅር መባባል ስናውቅ ቤታችን ፈርሶ ይቀራል።

ለድርጅቱ በፍስሃየ በኩል አቤቱታ አስገብቻለሁ። እነሱ የሚሉት እንዲህ ነው፦ መሐንዲሳቸው ያስወጠረው ገመድ በጓሮው መካከል እንጂ በግድግዳው ሥር አልነበረም። ታዲያ ግድግዳው ሥር ማን ቆፍር አለው? እርስዎ እዚያው ነበሩ። ያዩትን በአጭሩ ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልኝ። የእርስዎ ቃል ምስክር ይሆናል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ኣስመሮም በነሐሴ ቤቱን ሊያይ ይመጣል። እስከዚያ ግድግዳው መቆም አለበት። ሽያጩ እንዲዘገይብኝ አልፈልግም፤ ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ስለ ጽሕፈቴ አያስቡ። መርከብ እየተወዛወዘ ሲጻፍ እንዲህ ነው።

ልጅዎ
ጋሻው በለጠ


አስመራ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋሻው፤

የእናት አባትህ አምላክ ካለህበት ይጠብቅህ። መልስ አዘገየሁብህ። የሐዋርያት ጾም ነበር ልልህ አሰብኩ፤ ግን ጾም መጻፍ አይከለክልም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደክሞኝ ነው። ጠዋት ስነሣም ደክሞኛል፣ ማታ ስተኛም ደክሞኛል።

በአቤቱታህ የተነሣ ጠዓመን ከሥራው አገዱት። ሰኔ 14 ሊነግረኝ መጣ። ሊወቅሰኝ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ችካል ላይ ሰቀለና፣ "ኣደይ፣ አሁን እንኳ ጊዜ አገኘሁ፤ ግድግዳዎን ቶሎ እጨርስልዎታለሁ" ብሎ ድንጋይ መልቀም ጀመረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንጋዩን ከዓዲ ጓዕዳድ በሁለት አህያ ያመጣል። ቶሎ እጨርሳለሁ ይበል እንጂ ቀኑ ከየት ይምጣ? ቅዳሜ የለም፣ እሑድ የለም። ሰኔ 21 የማርያም ቤተ ክርስቲያን የታነጸበት በዓል ነው ተብሎ የእሷ ቤት ሲወደስ የኔው ሳይታነጽ ዋለ። በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ትናንት ሥላሴ። ዝናቡ ግን በዓል አያከብርም። ጆንያ ሰፍቼ በሸራ ላይ ደርቤ ክፍቱን ጋረድኩት፤ ነፋሱ ሌሊቱን ሲያርገበግበው ያድራል። እኔ ሳሎን ነው የማድረው፣ በአባትህ ፎቶግራፍ ሥር። አንዳንዴ ቀና ብዬ፣ "በለጠ፣ ይኼን ክፍል በምን መሬት ላይ ነው የሠራኸው?" እለዋለሁ።

የተጣመመውን የመስኮት ብረት ይዘን ከጠዓመ ጋር በእግራችን መደበር ሄድን። ተመልሶ የሚባል አንጥረኛ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ "ይኼ መስኮት ነው ወይስ ሰክሮ የወደቀ ሰው?" አለን። ከግንቦት ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከአሮጌ በርሜል በቆረጠው ብረት የተሰበረውን ተክቶ ቀጥ አደረገልን።

ቧንቧው ግን ገብቷል። ሌሎቹ ሠራተኞች ጨርሰውት ሄዱ። ማድ ቤት ቆሜ ስከፍተው ውሃው ይወርዳል። ውሃ ያለው ማድ ቤትና ግድግዳ የሌለው መኝታ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ጻፊልኝ ያልከውን፣ ማን ቆፍር አለው ያልከውን፣ ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። አንተ ግን ጠዓመን ወደ ሥራው መልሱት በልልኝ። ለኔ ብለህ።

እትዬህ ዘነቡ


ጄኖቫ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘነቡ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ክረምቱን በሰላም ያሳልፍዎት።

አንድ ነገር ጠየቅኩዎ፤ ስለ በዓላትና ስለ አህያ ጻፉልኝ። የጠየቅኩትን ግን አልመለሱልኝም። እትዬ፣ ይኼ ሰውዬ አስፈራርቶዎት ነው? እንደዚያ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነ ደግሞ አንድ መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል? ማን አዘዘው? በቃ። እስከዚያ ድረስ አቤቱታዬን አልስብም።

ሌላው፣ ስለ እርስዎ ያሰብኩት ነገር አለ። ቤቱ ሲሸጥ ጎንደር ወንድምዎ ዘንድ ቢሄዱ ይሻላል። አገርዎ ነው፤ ዘመድ መካከል ይሆናሉ። ለመንገድ የሚሆንዎትን ከሽያጩ ላይ አስቀርቼ እልክልዎታለሁ። ከጥቅምት በፊት ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ዕቃዎን ቀስ በቀስ መሰብሰብ ቢጀምሩ መልካም ነው።

መልስዎን ቶሎ።

ጋሻው


አስመራ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋሻው፤

ክፉ አይንካህ። ይኼን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አሁን ሦስተኛው ነው፤ ቢያምርም ባያምርም እልከዋለሁ።

ኣስመሮም በፍልሰታ መጥቶ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፤ ልስኑ ግን እርጥብ ነው። "ሲደርቅ እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ። እሱን እዚህ ላይ እንተወው።

ባለፈው ሳምንት ጠዓመ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዕርቁ ጽፈው የፈረሙበት ነው፣ በትግርኛ። ወደ ሥራው እንዲመለስ ይረዳው እንደሆነ ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ቢያቀርበው ጸሐፊው ሳያነበው፣ "በአማርኛ ካልሆነ አንቀበልም" ብሎ መለሰበት። አምስት ሽማግሌ የፈረመበትን ወረቀት! በገዛ አገራቸው!

"ኣደይ፣ እርስዎ የጎንደር የቄስ ልጅ ነዎት፤ ጽሕፈት ያውቃሉ። በአማርኛ ይገልብጡልኝ" አለኝ። እሱ የሚያፍረው እኔን በማስቸገሩ ነው፤ እኔ ደግሞ በቋንቋዬ አፈርኩ።

እሱ በትግርኛ እያነበበ እኔ በአማርኛ መጻፍ ጀመርን። "ካፖ ጠዓመ ከተወጠረው ገመድ ወጥቶ በግድግዳው ሥር በመቆፈሩ ጥፋቱን አምኗል" የሚለው ላይ ስንደርስ እጄ ቆመ። ምክንያቱም ውሸት ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። ገመዱ የተወጠረው በጓሮው መካከል፣ በድንቼ መደብ ላይ ነበር። በመጋቢት የተከልኩት ድንች ነው፤ የዕቃ እጣቢ እያጠጣሁ አሳድጌው ሊያብብ ደርሶ ነበር። "ይኼን ድንች አታጥፉብኝ፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጉት" አልኩት። "ኣይፋል፣ አይሆንም ኣደይ" አለኝ፤ "እዚያ ታች የድሮ ጉድጓድ አለ፤ በሙሌት አፈር የተደፈነ ነው፣ አይችልም።" እኔ ደግሞ፣ "እዚህ ቤት ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ፤ አንተ ዛሬ ነው ያየኸው" አልኩና ችካሉን በገዛ እጄ ነቅዬ ግድግዳው ሥር ተከልኩት። ለአሮጊት ብሎ እሺ አለ። የሆነው ይኼ ነው፣ ጋሻው። ለድንች ብዬ ቤትህን ጣልኩት።

በሽማግሌዎቹ ፊት ይኼን አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ ድንጋዩ በኔ ትከሻ ነበር። አልተናገረም። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ብቻ አይደለም፣ ይቅር ባይ ሆኜ ቆምኩ። ለአንተም "ለምን እንደ ቆፈሩ እነሱ ያውቃሉ" ብዬ ጻፍኩ። ዋሸሁህ።

ለምን ብትለኝ፣ ፈራሁ። ቤቱን ልትሸጥ ነው፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ካወቅክ እኔን ለማስወጣት ምክንያት አገኘህ ብዬ ነው። አሁን ሳየው ምክንያትም አላስፈለገህም፤ ጎንደር ሂጂ አልከኝ። ወንድሜ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ጽፌልህ ነበር፤ ረስተኸዋል። ልጆቹ መልኬን አያውቁትም። እዚያ ሄጄ የማን በር ላንኳኳ?

ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ወረቀት አልገለበጥኩትም። የራሴን ጻፍኩ። ቃሉ ይኼ ነው፦

"ለሚመለከተው ክፍል። እኔ ወይዘሮ ዘነቡ፣ በፓራዲዞ ነዋሪ የሆንኩ፣ ችካሉን ነቅዬ በግድግዳው ሥር እንዲቆፈር ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ካፖ ጠዓመ መሬቱ ሙሌት መሆኑን ነግሮኝ አልሰማሁትም። ግድግዳውንም ያለ ክፍያ መልሶ ሠርቷል። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እሱ ወደ ሥራው እንዲመለስ አመለክታለሁ።"

ፈርሜበታለሁ። ጠዓመ ምን እንዳልኩ በትግርኛ ስነግረው፣ "ይኼን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም ነበር" አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ደረቱ ኪስ ውስጥ አስገባና "የቐንየለይ" ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።

ድንቹን በሐምሌ ቆፈርኩት። ግማሹ በዝናቡ በስብሶ ነበር።

እንግዲህ አሁን ታውቃለህ። የፈለግከውን አድርግ፤ አልቀየምህም። አዲሱን ዓመት በጤና ያስገባህ።

እትዬህ ዘነቡ


ጄኖቫ፣ ኅዳር 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘነቡ፤

እንደምን ነዎት? በሕይወትና በጤና ይቆዩልኝ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ዝም ያልኩት ተቀይሜ እንዳይመስልዎት። መጀመሪያ ላይ ተናደድኩ፤ ለድንች ተብሎ ብዬ ለብቻዬ ጮህኩ። ስለ ወንድምዎ የጻፉትን ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን አፈርኩ። የሰው ሞት ረሳሁ። ያኔ የላኩልኝ ደብዳቤ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ አውጥቼ አየሁት።

እርስዎ ከነገሩኝ እኔም ልንገርዎት። እኔ መርከብ ላይ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት በመስከረም የመርከቡ ሞተር ቀኝ እጄን ያዘኝ። ሐኪሞቹ ሦስት ጣቴን ቆረጡት። ስድስት ወር ያልጻፍኩልዎ በግራ እጄ መጻፍ እስክለምድ ነው። ባሕሩም ደህና፣ መርከቡም ደህና እያልኩ የጻፍኩት ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሆኜ ነው፤ ባሕሩ ከዚህ አይታይም። ለማንም አልተናገርኩም። ፍስሃየም አያውቅም። ሰው ከሚያዝንልኝ ቢናደድብኝ ይሻለኛል፤ አባቴም እንዲህ ነበር።

ቤቱን መሸጤ አይቀርም። ባይሸጥ ደስ ባለኝ፤ ግን በአንድ እጅ የሚሠራ ትንሽ ሱቅ ካልከፈትኩ እዚህ አገር መኖሪያ የለኝም። ሌላ ሀብት ደግሞ የለኝም።

አቤቱታዬን ስቤዋለሁ። ጠዓመ ከጥቅምት ጀምሮ ሥራ ላይ መሆኑን ፍስሃየ ጽፎልኛል። ይቅርታ ጠይቆሃል ይበሉልኝ፤ እኔ ራሴ ልጽፍለት አስቤ በምን ቋንቋ እንደሚሻል ግራ ገባኝ።

ኣስመሮም ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ይመጣል። ሁሉንም ያሳዩት። ሙሌቱንም፣ አዲሱን ግድግዳም፣ ስንጥቅ ካለም ስንጥቁን። ምንም አይደብቁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈ ሌላ ወረቀት አለ፤ እሱን ይስጡት። እትዬ ዘነቡ በሕይወት እስካሉ ድረስ የጓሮው ክፍል የእርሳቸው ነው፣ ገዢው ይህን ካልተቀበለ ቤቱን አልሸጥለትም ይላል። ዋጋ ቀንስ ካለኝ እቀንሳለሁ።

በመጀመሪያው ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ይህን ነበር።

ልጅዎ
ጋሻው


አስመራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋሻው፤

እጅህን የፈጠረው እሱ የቀረውን ይባርክልህ።

ስለ እጅህ ያለውን ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ማድ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ ውሃው ሲወርድ አየሁት። ዓመት ሙሉ ብቻህን! እኔ ደግሞ በጽሕፈትህ አሾፍኩብህ።

ኣስመሮምና ሚስቱ ኣረጋሽ ያለፈው ሰኞ መጡ። ጠዓመም ነበር። ከማዕዘኑ እስከ መስኮቱ አንዲት ስንጥቅ ወጥታ ስለነበር ሊያያት መጥቶ ነው። እንዳልከኝ ሁሉንም አሳየኋቸው። ስንጥቋን አሳየሁ፤ ሙሌቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ በእግሬ ለካሁላቸው፤ የድንቹንም ነገር ሳልደብቅ ተናገርኩ። ኣስመሮም ነጋዴ ነውና፣ "ለመሆኑ ስንት ኪሎ ወጣው?" አለኝ። ጠዓመ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቀ።

ከዚያ ወረቀትህን ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና፣ "ፊደሉን አነበዋለሁ፤ ቋንቋው ነው የማይገባኝ። ያንብቡልኝ" ብሎ መለሰልኝ። እስቲ አስበው! ከምድር ሁሉ ሰው ጠፍቶ የራሴን ነገር በራሴ አፍ! መነጽሬን አደረግኩና አነበብኩ፤ ጠዓመ በትግርኛ መለሰው። "በሕይወት እስካሉ" የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ። የቀረውን ጠዓመ ሳላነብለት ጨረሰው። ወረቀትህ አራት መስመር ነው፤ የጠዓመ ትርጉም ግን አላልቅ አለ። ትግርኛ እሰማለሁ አይደል? በጉንፋን ወር ለጎረቤት ያፈላሁትን ሻይ እስከማንሳት ድረስ ወረቀቱ ላይ የሌለ ብዙ ነገር ተናገረ። አላረምኩትም።

ኣስመሮም ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለ። "ቤት ስገዛ ሰው አብሬ ገዝቼ አላውቅም" አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ያለሁበት መሬት ቢከፈት ደስ ባለኝ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በሰው ፊት እንዲህ ቆሜ አላውቅም።

ኣረጋሽ ተነሥታ ክፍሌ ገባች። ተከተልኳት። እጇን አዲሱ ግድግዳ ላይ አሳርፋ ቆየችና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ኣደይ፣ እዚህ አይበርድም?" አለችኝ።

"ይበርዳል" አልኳት። ምን ልበል? ዋሽቼ ምን እንዳገኘሁ አየሁት።

"እንግዲያው ብርድ ሲሆን ወደኛ ይመጣሉ" አለችና በሩ ላይ ለቆመው ባሏ፣ "እወ በሎ" አለችው። እሺ በለው ማለቷ ነው፤ እሱ አንተ መሆንህ ነው። ኣስመሮም ጭንቅላቱን አከከ፤ ዋጋው እንዲቀነስለት ጠየቀ፤ ከዚያ እሺ አለ። ውሉን ከገና በኋላ ከፍስሃየ ጋር ይፈራረማሉ። ጠዓመም ስንጥቋን በሚቀጥለው ሳምንት ይደፍናታል።

ደስ አለሽ ወይ ብትለኝ፣ ብሎኛልም፣ አላለኝምም። ከበሩና ከመስኮቱ ጋር ተቆጥሬ የተሸጥኩ መሰለኝ። ያን ቀን ሲሄዱ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ግድግዳው ሲወድቅ እንኳ አላለቀስኩም ነበር። ማታ ግን ከሳሎን ፍራሼን አውጥቼ ወደ ክፍሌ አልጋ መለስኩ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ሙሉ ሌሊት የተኛሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። እስከ ዛሬ ቤቱ ያንተ ነበር፤ እኔ አስጠግተኸኝ ነው። ከገና በኋላ ግን ክፍሏ የኔ ናት፣ አንተ ነህ በዚህ አገር ማረፊያ የሌለህ። ሱቁ ካልሆነልህ፣ ብቸኝነቱ ከመረረህ፣ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ና። አልጋው አንድ ነው። አንተ አልጋው ላይ ትተኛለህ፣ እኔ መሬት።

እትዬህ ዘነቡ